ሳላውቅ የተከልኩት ድንኳን

ኮልፌ ቀራኒዮ፣ አዲስ አበባ
እሑድ፣ ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለናዝራዊት፣

ከስድስት ዓመት ተኩል በኋላ «እንደምን ከርመሽልኛል» ብዬ ብጀምር መሳቂያ እሆናለሁ። እንዴት እንደከረምሽ አንቺ በፈለግሽ ጊዜ ትነግሪኛለሽ። እኔ አለሁ። ጉልበቴ ደረጃ ስወጣ ያስቸግረኛል፣ ስኳሬ ከፍ ዝቅ ይላል፣ ቁጣዬ ግን እንደምታውቂው ሙሉ ጤነኛ ነው። እናትሽ ሰርኬም ደህና ናት። የእሷን ደህንነት ከእኔ ይልቅ አንቺ እንደምታውቂ በቅርቡ ደርሼበታለሁ፤ ወደዚያ እመጣለሁ።

ስልክ ያልደወልኩት ራሴን ስለማላምነው ነው። በስልክ ብጀምር ወይ እጮሃለሁ፣ ወይ ጆሮሽ ላይ እዘጋዋለሁ። ወረቀት ላይ የጮህኩትን ግን መልሼ እሰርዘዋለሁ፤ ይኸው ሦስተኛ ወረቀቴ ነው። ናዝራዊት ብዬ የጻፍኩትም ሌላውን ስምሽን ሳልሰማ ቀርቼ አይደለም። ነዒማ እንደምትባዪ አውቄያለሁ። እጄ ገና አልለመደውምና ታገሺው።

ሐጂ ኑሕ ሞተ። ረቡዕ ጥቅምት 26 ቀን ጠዋት ነው። እናትሽ በዚያው ቀን እንደነገረችሽና በጣም እንዳለቀስሽ ሰምቻለሁ። እኔ የምጽፍልሽ ሞቱን ላረዳሽ ሳይሆን፣ ከመሞቱ በፊት በእሱና በእኔ መካከል የሆነውን እንድታውቂ ብዬ ነው። ሌላ ሰው ከሚነግርሽ ከእኔ አፍ ይሻላል።

አስቀድሜ ስለ ወረዳው ልንገርሽ፣ ነገሩ የተነሣው ከዚያ ነው። መንግሥት አሁን የሃይማኖት መቻቻልን በዕቅድ ይዞታል። የሩብ ዓመት ሪፖርት ይጻፍበታል፣ ስብሰባ ይጠራበታል። ከየወረዳው አንድ «የአብሮነት ሞዴል ሰፈር» ይመረጥ ተባለና የእኛ ተመረጠ። ምክንያቱ እድራችን ነው። ታውቂዋለሽ፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በአንድ መዝገብ፣ እኔ ሰብሳቢ፣ ኑሕ ምክትል፣ ድስቱ ለየብቻ፣ አራጁ ለየብቻ፣ ለቅሶው የጋራ።

ሮቤራ የሚባል የወረዳው ሠራተኛ ተመደበልን። ጎበዝ ልጅ ነው፣ ሥራ አይደክመውም፣ ግን ገና ልጅ ነው። ሞዴል ሰፈሩ ለሚመረቅበት ቀን አንድ በሬ ይታረድ አለ። ሙስሊሙና ክርስቲያኑ ከአንድ ትሪ ሲበላ ይቀረጻል፣ ለሌላው ወረዳ ትምህርት ይሆናል። ኑሕ እስኪያስለው ድረስ ሳቀ።

«ልጄ፣ አንድ በሬ ካረድክ ግማሹ ሰው ሆዱ ባዶ ይመለሳል» አለው። «እኔና ደግፌ አርባ ዓመት አብረን የበላነው ሁለት በግ እያረድን ነው።»

ሮቤራ ማስታወሻው ላይ ጻፈው። በኋላ በሬው ተሰርዞ ምስርና ሽሮ ተወሰነ፤ እሱን ሁሉም ይበላል።

ኑሕ እንዲህ ያለ ነገር ሲነሣ የሚያወራት የራሱ ታሪክ ነበረችው። «በጃንሆይ ጊዜም እምነት የየሰው ጉዳይ ነው ይባል ነበር። ኢድ ግን ካላንደር ላይ አልነበረምና አባቴ ሰግዶ ወደ ሥራው ይሮጥ ነበር። ወረቀቱ ጥሩ ነው ደግፌ፣ አልጠላውም። የቀረውን ግን እኛው ነን የምንሠራው» ይለኝ ነበር። እኔ እየሳቅኩ አልፈዋለሁ። ከእኔ በላይ የሠራ ያለ አይመስለኝም ነበር።

ከዚያ የሞዴል አባወራ ቅጽ መጣ። ሮቤራ እኛ ሳሎን ተቀምጦ እየጠየቀ ይሞላል፣ ኑሕ አጠገቤ ነው። ስም፣ ዕድሜ፣ ሥራ። ጡረተኛ፣ ቀድሞ አየር ጤና የቆርቆሮና የምስማር ነጋዴ።

«ከቤተሰብዎ ውስጥ የሌላ እምነት ተከታይ አለ፣ ጋሼ? ካለ እንዴት ተቻችላችሁ እንደምትኖሩ ቢያብራሩልን።»

«የለም» አልኩ።

«ልጆችስ ስንት አሉዎት?»

ወንድምሽን መዝገቡን ብቻ ቆጠርኩና «አንድ» አልኩ።

ይህን ስጽፍልሽ አፍራለሁ፤ ግን ብያለሁ። ኑሕ የያዘውን ብርጭቆ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ትንሽ ቆይቶ ድካም ተሰማኝ ብሎ ወደ ቤቱ ሄደ፤ ከዚያ ቀን በኋላ በእግሩ ወደ ግቢያችን አልገባም። ኩላሊቱ ቀድሞም ታሞ ነበር፣ እኔ ነኝ ያልሰማሁት።

ቅዳሜ ጥቅምት 22 ቀን አስጠራኝ። ስገባ ፊቱ አመድ መስሏል። «አፉ በለኝ» አለኝ። ይህን ቃል ከስንት ሙስሊም ጎረቤት አልጋ አጠገብ ሰምቼዋለሁ። ታማሚው ያስቀየምኩህ ካለ ይቅር በለኝ ይላል፣ የተጠየቀው «አፉ ብዬሃለሁ» ይላል፣ ያበቃል። ኑሕ ምን በድሎኝ ያውቃል ብዬ አፌን ልከፍት ስል እጁን አነሣ።

«ስማኝ መጀመሪያ። ደግፌ፣ አንተ ሁለት ልጆች አሉህ።»

ፊቴን ወደ መስኮቱ መለስኩ።

«አንዷን እኔ ድሬልሃለሁ።»

የነገረኝን አንቺ ታውቂዋለሽ፤ እኔ ግን ያን ጊዜ መስማቴ ነው። በኒካህሽ ቀን ቃዲው «የሚድራት ማነው?» ብለው ሲጠይቁ ማንም አልነበረም አለኝ። ቃዲው ራሳቸው ሊድሩሽ ይችሉ ነበር። «እኔ ግን ያቺ ልጅ በደጃፌ ነው ያደገችው፣ አባት እንደሌላት ሰው አትዳርም ብዬ ለመንኳቸውና በአንተ ቦታ ቆምኩ» አለ።

«አንተ ነህ ያሰለምካት?» አልኩት። ድምፄን አላውቀውም ነበር።

«ወላሂ አይደለሁም። መጥታ ስትነግረኝ፣ ለባል ብለሽ ከሆነ ክርስትናሽን ይዘሽም ያገባሻል ብያታለሁ። የራሷ ልብ ነው። እሱን አይደለም አፉ በለኝ የምልህ።» ትንፋሹን ሰበሰበ። «መልሷን ነው። መልሷን በአንተ እጅ አስደገስኩ፣ አንተ ግን አታውቅም። አታልዬሃለሁ።»

ናዝራዊት፣ ሰኔ 2 ቀን 2011ን አንቺ በእኔ በኩል እንዴት እንዳለፈ አታውቂውም። ልንገርሽ።

ከቤት ከወጣሽ ሁለት ወር አልሞላም። ስለ አንቺ ማንም እንዳያነሣብኝ ሰፈሩን ሁሉ አስጠንቅቄ ነበር፤ ሰፈሩም አክብሮኝ ዝም አለ። ኑሕ መጣና «የእኛ ልጅ ተድራ መልስ ልንጠራት ነው፣ ግቢዬ ውስጥ ነው፣ የእድሩን ድንኳን ስጠኝ» አለ። የወንድሙ ልጅ መሰለችኝ። ድንኳን ለሰው አስረክቤ እንደማልሄድ ታውቂያለሽ፤ ቅዳሜን ሙሉ ራሴ ተከልኩት። ሰኔ ነውና ዝናቡ እንዳይገባ ዙሪያውን ቦይ ቆፈርኩለት። አንዱ ካስማ አልጸና ብሎኝ ሁለት ጊዜ ነቅዬ ተከልኩት። እሑድ ማለዳ ኑሕ በግ እየጎተተ መጣና «ለእናንተ ወገን የሚሆነውን አንተ እረድልኝ» አለኝ። ይህም የተለመደ ነው፤ አረድኩ። የረመዳን ፍቺ ካለፈ በኋላ የሐዋርያት ጾም እስኪገባ ሁለት እሑድ ብቻ ነበሩ። ከሁለቱ አንዷን የመረጠው እኔ ሥጋ እንድበላ ብሎ እንደሆነ አልጋው ላይ ሆኖ ነገረኝ።

ሴቶቹ ቤት ውስጥ ነበራችሁ፣ እኛ ድንኳን ውስጥ። ሙሽራውን አመጡልን። ያን ልጅ አንድም ቀን ላየው፣ ስሙንም ልሰማ ፈቅጄ አላውቅምና አላወቅሁትም። ረዘም ያለ፣ ዓይን አፋር ልጅ ነው። ጎንበስ ብሎ የሽማግሌውን ሁሉ ጉልበት ሳመ፤ እኔ ጋ ሲደርስ ቆየ። ጨዋ ነው ብዬ ወደድኩት። ኑሕ «ደግፌ፣ አንተ መርቅ» አለኝ። «ሼኹ እያሉ?» ስለው «ሼኹም ይመርቃሉ፣ መጀመሪያ አንተ» አለ። ተነሥቼ መረቅኩ። ውለዱ ክበዱ፣ ቤታችሁ ይሙላ፣ ልጆቻችሁ ደግሰው ይጥሯችሁ አልኩ። ድንኳኑ በሙሉ አሚን አለ። ከቤት ውስጥ አንዲት ሴት ስታለቅስ ሰማሁ። ሙሽራ መቼም ታለቅሳለች ብዬ ወደ ምግቤ ተመለስኩ።

ቤት ገብቼ ለእናትሽ «የኑሕ ዘመዶች ጥሩ ልጅ አግኝተዋል» አልኳት። ጀርባዋን ሰጥታኝ ዕቃ ታጥብ ነበር። ውኃውን ከፍ አድርጋ ከፈተችው።

«ድንኳኑን አንተ ተከልክ፣ በጉን አንተ አረድክ፣ አንተ መረቅክ» አለኝ ኑሕ። «አባቷ ያላደረገላት ነገር የለም። አንተ ብቻ ነህ የማታውቀው። ቅጹ ላይ አንድ ስትል ብሰማህ ይህን ይዤ መቃብር መግባት አቃተኝ። አፉ በለኝ።»

እኔ ምን ያደረግሁ ይመስልሻል? ተነሣሁ። ያ ሁሉ ሰው አውቆ እኔ ብቻ በገዛ ልጄ ድግስ ላይ እንግዳ ሆኜ መብላቴ ነው የታየኝ። በሩ ጋ ስደርስ «ደግፌ» ብሎ ጠራኝ። አልዞርኩም። ጫማዬን ተረከዙን ረግጬ ወጣሁ።

እናትሽን «ታውቂ ነበር?» አልኳት።

«ውስጥ ነበርኩ» አለች። «ፀጉሯን የሠራኋት እኔ ነኝ።»

ከዚያ የቀረውን ሁሉ አወጣችው። አዳማ እህቴን ልጠይቅ እያለች በየዓመቱ የምትሄደው ድሬዳዋ አንቺ ዘንድ እንደሆነ፣ ስትወልጂ ያረሰችሽ እሷ እንደሆነች። ከአዳማ በየጊዜው የድሬዳዋ ሎሚ ስታመጣልኝ አንድ ቀን እንኳ አለመጠየቄ ይገርመኛል። ምናልባት መጠየቅ አልፈለግሁም ይሆናል።

አራት ቀን ከኑሕ ደጃፍ ማዶ ባለው ጥግ እየዞርኩ አለፍኩ። አፉ አልለውም ብዬ አልነበረም። ትንሽ ይቆይ፣ ትንሽ ይቅመሰው፣ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ እሄዳለሁ ብዬ ቆርጬ ነበር። ረቡዕ ጠዋት ሞተ።

የለቅሶውን ድንኳን የተከልኩት እኔ ነኝ። ከመስገዳቸው በፊት ትልቁ ልጁ ጀናዛው ፊት ቆሞ «አባቴን አፉ በሉት» አለ። ሕዝቡ በአንድ ድምፅ «አፉ ብለናል» አለ። እኔ ከክርስቲያኖቹ ጋር ወደ ጎን ቆሜ ነበር፤ ሁሉም አለ፣ እኔ ግን አላልኩም። በሕዝብ መሃል ተደብቄ ልለው አልፈለግሁም። ለእሱ ለብቻው ነበር የምለው፣ እሱ ደግሞ ተከፍኗል። ወገኖቹ አንሥተውት ሲሄዱ ከኋላ እየተከተልኩ እንደ ልጅ አለቀስኩ። ሰው ሁሉ ወዳጁ ስለሞተበት ነው አለ።

ምርቃቱ አልቀረም። ቅዳሜ ኅዳር 6 ቀን በወረዳው አዳራሽ የኑሕና የእኔ ስም ያለበት የምስክር ወረቀት ተሰጠኝ፤ ንግግርም አደረግሁ። ማንኛውም ሰው የመረጠውን እምነት የመያዝም የመቀበልም መብት አለው፣ መንግሥትም ይህን ያከብራል፣ የእኛም ሰፈር ይህን ይኖረዋል ብዬ አነበብኩ። አንድ ቃል አልተሳሳትኩም። ሰው ቆሞ አጨበጨበ። ሮቤራ እጄን ጨብጦ «ጋሼ፣ እንዲህ ያለ ንግግር ሰምቼ አላውቅም» ሲለኝ ሰደብኩት። ምስኪን፣ ምን እንዳጠፋ አያውቅም። ሰኞ ቢሮው ሄጄ ይቅርታ ጠየቅሁትና «ያን ቅጽ አስተካክልልኝ፣ ልጆቼ ሁለት ናቸው» አልኩት። ኮምፒውተሩን ነካክቶ «ሲስተም ላይ ገብቷል ጋሼ፣ የሚቀጥለው ሩብ ዓመት እስኪከፈት አይነካም» አለኝ። በመንግሥት ዘንድ እስካሁን አንድ ልጅ ነው ያለኝ።

ከምርቃቱ ስመለስ በቀጥታ የሄድኩት የኑሕ ሚስት ሸምሲያ ዘንድ ነው። የባል ኀዘኗን ቀን ስላልጨረሰች አትወጣም፤ እኔ በረንዳው ላይ ተቀመጥኩ፣ እሷ ከመጋረጃው ወዲያ ሆነች።

«አፉ ሳልለው ሞተብኝ» አልኳት።

«እሱ ሳይቀየምዎት ነው የሞተው» አለችኝ። «ደግፌ ይዘገያል እንጂ አይቀርም ይል ነበር። እኔ ግን ተቀይሜዎታለሁ፣ ጋሽ ደግፌ። አራት ቀን ሙሉ በር በሩን ሲያይ ነው ያስታመምኩት።»

ይገባኛል አልኩ። ምን ላድርግ፣ ለማን ልበለው ብዬ ጠየቅኋት።

«እኔን አይጠይቁኝ። ኑሕ አራት ቀን ጠበቀዎት። ነዒማ ስትጠብቅዎት ስንት ዓመቷ ነው?» አለችኝ።

ተነሥቼ ወደ ቤት መጣሁ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ይህን ደብዳቤ እየጻፍኩ እቀድዳለሁ።

ልጄ፣ አልዋሽሽም። ክርስትናሽን መተውሽ አሁንም ያመኛል። ክርስትና ስትነሺ ያቀፍኩሽ ቀን ትዝ ሲለኝ ያመኛል። አዳራሽ ውስጥ ያነበብኩትን ሁሉ አምንበታለሁ፤ ለሰው ልጅ ሲሆን ቀላል ነው፣ ለራሴ ልጅ ሲሆን ከበደኝ። ግን እያመመኝም መምጣት እችል ነበር። ኑሕ በአንቺ ነገር አንድም ቀን እምነቱን አልሸሸገኝም፣ የእኔንም አልነካብኝም፤ ብቻ እኔ ትቼው የሄድኩትን ቦታ ባዶ አላደረገውም። እኔ ለእሱ አንዲት ቃል ነፈግሁት። አሁን ያን ቃል የምጠይቀው እኔ ነኝ፤ የምጠይቀውም አንቺን ነው። እንደ ልጄ የምትጠዪኝ ከሆነም፣ እንደ አንድ ሙስሊም ሴት፣ ጎረቤት እንደሚጠየቀው፣ አፉ በይኝ።

ልጅሽ አራት ዓመቷ ነው አሉ። ስሟን እናትሽ ልትነግረኝ ስትል አስቁሜአታለሁ፤ ካንቺ ልሰማው ፈልጌ ነው። ባልሽንም ሰላም በዪልኝ። ያን ቀን የመረቅሁት ሳላውቅ ነበር፤ ዛሬ ደግሞ አውቄ፣ ስሙንም ጠርቼ ነው፤ ዐብዱልከሪም፣ እጅህ የነካው ይለምልም፣ ልጄን እንደ ዓይንህ ብሌን ጠብቃት። አንቺንም የአብርሃም አምላክ፣ የአንቺም የእኔም የሆነው፣ ከክፉ ይሠውርሽ፣ ልጅሽን ለወግ ለማዕረግ ያብቃልሽ፣ ጎረቤት አያሳጣሽ።

ይህን ደብዳቤ የምትሰጥሽ እናትሽ ናት። ማክሰኞ በማለዳው አውቶቡስ ትነሣለች፤ የዚህኛውን ጉዞ አዳማ ነው ብላ አልዋሸችኝም። ሁለት ወንበር ነው ያስያዝነው። እሷ ትገባለች፣ እኔ ከቤትሽ ፊት ለፊት ከመንገዱ ማዶ እቀራለሁ። ነገ ጾም ስለሚገባ ምን አቀርባለሁ ብለሽ እንዳትጨነቂ፤ ውኃ ይበቃኛል። እንድገባ ካልፈለግሽ በሩን አትክፈቺ፣ ምክንያትም አትስጪኝ። ቤርጎ አድሬ ጠዋት እመለሳለሁ። ቅር አይለኝም። አይ፣ ቅር ይለኛል፤ ግን አልቆጣም።

እስከዚህ ድረስ ካነበብሽልኝ፣ አሁን እዚያ ቆሜአለሁ።

አባትሽ
ደግፌ